«ግሩፑን ማን አፈረሰው?» ከማለታችሁ በፊት እስቲ ኮንትራቱን አምጡት

ባለፈው ቅዳሜ ጀበና ቡና ጋ ተቀምጠናል። አራት ነን፤ ሦስት ወንዶችና እኔ። ከጎናችን ካለው ፀጉር ቤት የፉጂስ ዘፈን ተለቀቀ። አንዱ ጓደኛዬ ሲኒውን አስቀመጠና ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ድምፅ አውጥቶ «እንዲህ ያለ ግሩፕ እኮ ነው ያፈረሰችው!» አለ። ላውሪን ሂልን ማለቱ ነው። ሁለተኛው ራሱን ነቀነቀ። ሦስተኛው «ሴት ከገባችበትማ…» ብሎ ሊቀጥል ሲል እኔን አየና ቡናውን ፉት አለ። (ደግ አደረገ።)

ያን ቀን ብዙም አልተናገርኩም። የእኔ ነገር እንዲህ ነው፤ ጥሩ መልስ የሚመጣልኝ ታክሲ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ይሄ ጽሑፍ የታክሲ መልስ ነው፣ ትንሽ የተናደደ። ሦስታችሁም እንደምታነቡት አውቃለሁ።

«አፈረሰችው» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ሂፕሆፕ ወዳጆች ዘንድ አንድ ሰው ከቡድኑ ወጣ ብሎ የራሱን አልበም ሲሠራ የሚለጠፍበት ታርጋ ናት። ከሃዲ ነው፣ ጠገበ፣ ብር አሳወረው፣ ዝና ናላውን አዞረው… ለነገሩ እኛ አገር ልጅ ጎጆ ሲወጣ ዕልል ይባላል። ብርጭቆና ድስት ይዋጣል፣ አክስት ብርድ ልብስ ታመጣለች። ራፐር ጎጆ ሲወጣ ግን እርግማን ነው የሚከተለው። ለምንድነው?

እኔ የምለው አጭር ነው። ሶሎ አልበም ቡድን አያፈርስም። ቡድን የሚፈርሰው ግጥሙን የሚጽፈው ሌላ፣ ብሩን የሚቆጥረው ሌላ የሆነ ዕለት ነው። እናንተ ጭሱን እያያችሁ «አልበሙ ነው፣ አልበሙ ነው» ትላላችሁ። እሳቱ ያለው ግን ኮንትራቱ ውስጥ ነው።

እስቲ ከአይስ ኪዩብ እንጀምር። (ዓመተ ምህረቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ ግራ እንዳትጋቡ። አብዛኛው የሆነው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው፤ «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» የምትሉ ካላችሁ አድዋም ከመወለዴ በፊት ነው የሆነው።)

ኤን ደብልዩ ኤ ከሎስ አንጀለስ አጠገብ ካለችው ከኮምፕተን የወጣ ቡድን ነው። አይስ ኪዩብ ቡድኑን ዓለም እንዲያውቀው ያደረገውን አልበም ግጥም ግማሽ ያህሉን የጻፈ ልጅ ነበር፤ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻ። ራዝለስ ሬከርድስ የሚባለው ኩባንያ ደግሞ የኢዚ-ኢ ነበር፤ ማናጀሩ ጄሪ ሄለር ይባላል። ኪዩብ ይጽፋል፣ መድረክ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ኪሱን ሲዳብስ የሚያገኘው ከሥራው ጋር አይመጣጠንም። ጠየቀ። የሚያረካ መልስ አላገኘም። በ1989 መጨረሻ ላይ ወጣ።

በ2015 የወጣውን ስለ ቡድኑ የተሠራውን ፊልም ያያችሁ፣ ቼክና ኮንትራት አንድ ላይ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጡበትን ቦታ ታስታውሳላችሁ። ፈርም፣ ቼኩን ውሰድ ነው ነገሩ። ልጁ ጠበቃ ሳያየው አልፈርምም ይላል። (የአይስ ኪዩብን ቦታ የሚጫወተው የገዛ ልጁ ነው፤ አባቱን ቁርጥ!) እኔ ያቺን ትዕይንት ሳይ ሁልጊዜ የምገረመው በጠረጴዛው ዙሪያ ባሉት ሰዎች ፊት ነው። ጠበቃ መጠየቅ እንደ ስድብ ነው የተቆጠረው። «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን!» ዓይነት ፊት።

በ1990 የመጀመሪያ ሶሎ አልበሙን አወጣ። ኒውዮርክ ሄዶ የፐብሊክ ኤነሚን ድምፅ ከሚሠሩት ከቦምብ ስኳድ ጋር ነው የሠራው። በዚያው ዓመት ፕላቲነም ገባ፤ አንድ ሚሊዮን ኮፒ ማለት ነው። በዚያ አልበም ውስጥ የድሮ ጓደኞቹን አልነካቸውም። እነሱ ግን በዚያው ዓመት ባወጡት አነስተኛ አልበም ላይ በአሜሪካ ታሪክ የከሃዲ ምሳሌ ከሆነው ከቤኔዲክት አርኖልድ ጋር አመሳሰሉት። ባንዳ አሉት በእኛ ቋንቋ። እሱም በ1991 መለሰላቸው፣ መልሱም በጣም መራር ነበር። (እዚያ ዘፈን ላይ ሄለርን በአይሁድነቱ የተሳደበበትን ክፍል እኔ አልከላከልለትም። ገንዘቤ ተበላ የሚል ሰው የበላውን ሰው ስም መጥራት ይበቃዋል፤ ዘሩን ምን አመጣው?)

ታዲያ ቀጥሎ የሆነውን ተመልከቱ። በዚያው በ1991 ዶክተር ድሬም ከራዝለስ ወጣ። ምክንያቱስ? ገንዘብና ኮንትራት! «ባንዳ» ሲሉ ከነበሩት አንዱ፣ ባንዳው በወጣበት በር ወጣ። እና በ1992 መጨረሻ ዘ ክሮኒክን አወጣ፤ ያን አልበም ዛሬ «ክህደት» ብሎ የሚጠራ አንድ ሰው አምጡልኝ፣ ማኪያቶ እጋብዘዋለሁ።

ይቺ ደግሞ የምወዳት ነጥብ ናት። ሁሉም የሚዘለው ኢዚ-ኢ ራሱ ቡድኑ ውስጥ እያለ በ1988 የራሱን ሶሎ አልበም ማውጣቱን ነው። የዚያን አልበም ግጥም ማን ጻፈው? አብዛኛውን አይስ ኪዩብ፣ ኤምሲ ሬንና ዲ.ኦ.ሲ.። ያኔ ቡድን አልፈረሰም፣ ማንም ከሃዲ አልተባለም። ለምን ቢሉ ኢዚ-ኢ ባለቤት ነዋ! ባለቤቱ ሶሎ ሲያወጣ ቢዝነስ ነው፣ ጸሐፊው ሶሎ ሲያወጣ ክህደት። ይቺን ነገር ያዟት፣ ኋላ ላውሪን ጋ ስንደርስ ታስፈልገናለች።

«እሺ፣ እነዚያ ተጣልተው ነው። ሳይጣሉስ?» ትሉኝ ይሆናል። ለዚህ መልሱ ዉ-ታንግ ክላን ነው። እዚህ ጋ ትንሽ ልዘግይ፤ ምክንያቱም የእኔን ክርክር ከእኔ በፊት በተግባር ያሳዩት እነሱ ናቸው።

ከኒውዮርክ፣ ከስታተን አይላንድ ጋር ስማቸው የተያያዘ ዘጠኝ ሰዎች። ከመካከላቸው ሁለቱ፣ ሪዛና የአጎቱ ልጅ ጂዛ፣ ቡድኑ ሳይመሠረት በፊት በ1991 ለየብቻቸው በተለያዩ ኩባንያዎች ሥራ አውጥተው ነበር። ኩባንያዎቹ እንዴት መሸጥ እንዳለባቸው አላወቁበትም፤ ሥራው አልሄደም፣ ልጆቹም ተሰናበቱ። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ቆርጦ ይቀመጣል። ሪዛ ግን ነቄ ሆኖ ተመለሰ። ላውድ ሬከርድስ ከሚባል ኩባንያ ጋር ሲዋዋል ያኔ ያልተለመደ ነገር ጠየቀ፦ ቡድኑ ለእናንተ ይፈርማል፣ እያንዳንዱ ልጅ ግን ለራሱ አልበም ከፈለገው ኩባንያ ጋር መዋዋል ይችላል። በሌላ አነጋገር መውጫ በሩን መጀመሪያውኑ ቤቱ ሲሠራ አብሮ አሠራው።

በኖቬምበር 1993 የቡድኑ አልበም ወጣ። ከዚያ ጎርፉ ነው። ሜተድ ማን በ1994 በዴፍ ጃም። ኦል ደርቲ ባስታርድ በ1995 በኤሌክትራ። ሬክዎን በዚያው ዓመት በላውድ። ጂዛ እንደገና በ1995 በጌፈን። ጎስትፌስ ኪላ በ1996 በኤፒክ። አምስት ሰው፣ አምስት አልበም፣ አምስት ኩባንያ! ተፎካካሪ የሆኑ ኩባንያዎች ሁሉ በየራሳቸው ገንዘብ አንድ ምልክት፣ ያቺን የዉ-ታንግ «ደብልዩ» ያስተዋውቃሉ። ልጆቹም ከሚያገኙት የተወሰነውን ወደ ጋራ ድርጅታቸው ይመልሳሉ። ዕቁብ በሉት። ዕቁብ የገባ ሰው የራሱ ሱቅ አይኑረው የሚል ሕግ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንዲያውም ሱቅ ያለው ነው ጥሩ የሚጥለው።

እና ቡድኑ ፈረሰ? በ1997 ሁሉም ተመልሰው ሁለት ሲዲ የሞላ አልበም አብረው አወጡ፤ አሜሪካ ውስጥ በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት አንደኛ ሆነ። ከአምስት «ክህደት» በኋላ!

ደግሞ «ሶሎ» የምትለዋ ቃል ራሷ ስትሸውደን ነው የኖረችው። የሬክዎንን የ1995 አልበም ሽፋን ፈልጋችሁ እዩት፤ ሁለት ሰው ነው ያለው። ጎስትፌስ አብሮት ቆሟል፣ አልበሙንም ከዳር እስከ ዳር አብሮት ነው የሚወርደው። ከጀርባ ደግሞ ሪዛ አለ፤ በእነዚያ የመጀመሪያዎቹ አምስት አልበሞች ቢቱን ከሞላ ጎደል የሠራው እሱ ነው። ዘ ክሮኒክም እንዲሁ ነው። ሽፋኑ ላይ ድሬ ብቻውን አለ፤ ከፍታችሁ ስትሰሙት ግን ያኔ ማንም የማያውቀው ስኑፕ የሚባል ቀጭን ልጅ ድምፅ በየዘፈኑ ይጠብቃችኋል። ሂፕሆፕ ውስጥ ብቻውን የወጣ ሰው የለም። ስሙ ከፊት የተጻፈ ሰው ነው ያለው።

ዉ-ታንግን ገነት አድርጌ ልሸጥላችሁ አይደለም። ኢንስፔክታ ዴክ በቡድኑ አልበም ላይ ከሁሉ የተዋጣለት ነበር የሚሉ ብዙ ናቸው፣ እኔም አንዷ ነኝ። የእሱ ሶሎ ግን በጊዜው አልወጣም። የሪዛ ስቱዲዮ ምድር ቤት ነበር፤ ጎርፍ ገባበትና ለእሱ የተዘጋጁት ቢቶች ጠፉ። አልበሙ የወጣው በ1999 ነው፣ የዉ-ታንግ ጊዜ ካለፈ በኋላ። ማስታ ኪላ ደግሞ እስከ 2004 ጠበቀ። ከቡድኑ አልበም አሥራ አንድ ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው! የአልበሙን ርዕስ ምን ቢለው ጥሩ ነው? «የተባለ ቀን የለም» እንደማለት ያለ ነገር። (ይሄ ቀልድ ከሆነ የታገሠ ሰው ቀልድ ነው።) ዩ-ጋድ ደግሞ ድርሻዬ አልተከፈለኝም ብሎ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ታዲያ በዉ-ታንግ ቤት ቅር ያላቸውን ብትቆጥሩ ሶሎ ያወጡት አይደሉም የሚበዙት። ተራቸው የዘገየባቸውና ሒሳባቸው ያልተዘጋላቸው ናቸው። ይሄም የእኔኑ ነገር ነው የሚያረጋግጠው።

አውትካስትን በአንድ እስትንፋስ ልለፈው። የአትላንታ ልጆች፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጓደኛሞች፣ ቢግ ቦይና አንድሬ 3000። በ2003 ምን አደረጉ? ሁለት ሶሎ አልበም ሠሩና በአንድ ማሸጊያ፣ በአንድ ስም ሸጡት። አንዱ ሲዲ የአንዱ፣ ሌላው የሌላው። በ2004 የግራሚን የዓመቱ ምርጥ አልበም ሽልማት ወሰዱ። ለመለያየትም አብሮ ለመሆንም ኮንትራቱ ይበቃቸው ነበር፤ ለፈለጉት ነገር ተጠቀሙበት። አንድሬ በስሙ የመጀመሪያ ሶሎ አልበሙን ያወጣው በ2023 ነው፣ እሱም ዋሽንት ነው! አንድ መስመር ራፕ የለበትም። ሃያ ዓመት ጠብቃችሁ ዋሽንት። እኔ ስሰማው ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ደግሞ ደስ አለኝ።

አሁን ወደ ጀበና ቡናው።

ፉጂስ ሦስት ናቸው፦ ዋይክሌፍ ዣን፣ ፕራስና ላውሪን ሂል። ዘ ስኮር የተባለው አልበማቸው በ1996 ወጣና ዓለምን አዳረሰ። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? በጁን 1997 ዋይክሌፍ ሶሎ አወጣ። በኦገስት 1998 ላውሪን ሶሎ አወጣች። በ1998 መጨረሻ አካባቢ ፕራስ ሶሎ አወጣ። ደግሜ ልጻፈው? መጀመሪያ የወጣው ዋይክሌፍ ነው። እሷ ሁለተኛ ናት። በዋይክሌፍ አልበም ላይ ደግሞ ላውሪንም ፕራስም አሉ፤ አግዘውታል።

እና ሦስት ሰው በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ሦስት አልበም ሲያወጣ «አፈረሰችው» የምትለዋ የሴት ግሥ ከየት መጣች? ጓደኛዬ፣ አንተን ነው የምጠይቅህ። ዋይክሌፍ ሲወጣ ፈጣሪ ነው፣ ሁለገብ ነው፣ ነፍሱ ሰፊ ነው። እሷ ስትወጣ ቤት አፍራሽ። ኢዚ-ኢንና ኪዩብን አስታወስክ? ያቺው ናት። ቤቱ የእኔ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ሲወጣ ሽርሽር ይባልለታል። የቤቱ ጌጥ ናት የተባለች ስትወጣ ግን ስርቆት ይመስላል። ዋይክሌፍ ራሱ እንኳን በ2012 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ላይ የቡድኑን መፍረስ ሲያወራ የሚያነሳው በሁለቱ መካከል የነበረውን የፍቅር ጣጣ ነው። ባለትዳር እንደነበረም አይደብቅም። ባለጉዳዩ ያላለውን እናንተ ከየት አመጣችሁት?

ስለ አልበሙ የማይታወቅ ነገር ልነግራችሁ አልችልም፤ ሁላችሁም ስልክ ላይ አለ። ከፊሉ ኪንግስተን፣ በእነ ቦብ ማርሌይ ስቱዲዮ ተቀረፀ። የመጀመሪያ ልጇን ባረገዘችበትና በወለደችበት ጊዜ የተጸነሰ ሥራ ነው። ሽፋኑ ላይ ፊቷ የትምህርት ቤት ዴስክ ላይ ተፈልፍሎ ይታያል፤ የእኛም ዴስኮች በኮምፓስ እንደዚያ ነበር የሚፈለፈሉት፣ የእኛ ግን ልብና ቀስት ነበር። በፌብሩዋሪ 1999 አሥር ጊዜ ታጭታ አምስት ግራሚ ወሰደች። የሂፕሆፕ አልበም የዓመቱ ምርጥ አልበም ሲባል የመጀመሪያው እሱ ነው። በ2024 አፕል ሙዚክ የመቶ አልበሞች ዝርዝር ሲያወጣ አንደኛ ያደረገው እሱኑ ነው። (ዝርዝር እንደማልወድ ታውቃላችሁ፤ ይሄን ግን ወደድኩት።)

«ግን ከዚያ በኋላስ? ሁለተኛ የስቱዲዮ አልበም የት አለ? ያለ ቡድኑ አልቻለችም ማለት ነው» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። እንዴ! አንድ ሰው ምን ያህል መጽሐፍ ሲጽፍ ነው ደራሲ የሚሆነው? ደግሞስ ሦስቱም ፉጂስ ሆነው ያወጡት አልበም ሁለት ብቻ ነው። እሷ አንድ። ልዩነቱ ይሄን ያህል ነው?

አሁን የማይመቸኝን ክፍል ልጻፍ፤ ምክንያቱም ይቺን ብዘላት ነገ አንዱ በኮሜንት ያወጣብኛል፣ ልክም ይሆናል።

አልበሙ የወጣው «ግጥም፣ ፕሮዳክሽን፣ ቅንብር፦ ላውሪን ሂል» በሚል መንፈስ ነው። በኖቬምበር 1998 ኒው አርክ በሚል ስም አብረዋት የሠሩ አራት ሙዚቀኞች ፍርድ ቤት ከሰሷት። በጻፍነውና በሠራነው ላይ ስማችን በተገቢው መንገድ አልተጻፈም አሉ። በ2001 ጉዳዩ ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት ተዘጋ። ከስቱዲዮው በር ኋላ ማን የትኛውን መስመር እንደሠራ እኔ ልፈርድ አልችልም። ግን ነገሩ እንደ እሾህ ይወጋል። የራሷን ስም ፍለጋ ከቡድን የወጣች ሴት፣ በራሷ አልበም ላይ የስም ክስ ቀረበባት። ብዙዎች ያኔ «አየሽ፣ ሴት ስለሆነች ነው ሥራው የእሷ አይደለም የሚሏት» አሉ። እሱም እውነት አለበት፤ ወንድ ፕሮዲውሰርን ማንም «ማን ረዳህ?» ብሎ ሲጠይቅ አይሰማም። ነገር ግን አራቱ ሰዎችም ሰዎች ናቸው። የእነሱን ጥያቄ ለእሷ ስል ከቀበርኩ፣ ኪዩብን «ባንዳ» ካሉት በምን እለያለሁ?

ስለዚህ አቋሜ ይሄ ነው፣ ካልተመቻችሁም እንከራከር፦ ሶሎ መውጣት መብት ነው። ሶሎ ሲወጡ የሠራን ሰው ስም ማስቀረት ግን ከቡድኑ ባለቤት የተማሩትን ነገር ይዞ መውጣት ነው።

በዚህ ነገር እኛ ከፈረንጆቹ የምንሻልበት አንድ ልማድ ነበረን። ቤት ውስጥ የቀሩ የአባቴ ካሴቶች አሉ። ፊት ለፊት የዘፋኙ ፎቶ፣ ከጀርባ ወይም ከውስጥ በጥቃቅን ፊደል «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር»፣ በየዘፈኑ የሰው ስም። አባቴ ካሴት ሲገዛ መጀመሪያ የሚያነበው ያንን ነበር፤ «ግጥሙ የእገሌ ከሆነ ውሰደው» ይላል። በብሩ ላይ ግን እኛም ያው ነን። ኤልያስ መልካ ከመሞቱ በፊት፣ በ2019፣ ከጓደኞቹ ጋር አውታር የተባለውን የሙዚቃ መተግበሪያ ያቋቋመው የሙዚቃ ሰው ከሥራው የሚገባውን እንዲያገኝ ብሎ ነው። አሁን ዘፈኑ በቴሌግራም ይመጣል፣ ስሙ «ትራክ 03» ነው። ግጥም የማን? ቢት የማን? ወፍ የለም።

ይሄን ሁሉ የምጽፈው ግን ለአሜሪካኖቹ ጠበቃ ልሆን ብዬ አይደለም። እነሱ ጠበቃ አላቸው።

ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ሳለን የዶርሜ ልጅ ራፕ ትጽፍ ነበር። ጸጥ ያለች ልጅ ናት፤ ማታ ማታ መብራት ሲጠፋ በስልኳ ብርሃን አልጋዋ ላይ ተንበርክካ ነው የምትጽፈው። የግቢው ሦስት ወንዶች ግሩፕ ነበራቸው፣ እሷን ጨመሩና አራት ሆኑ። ኮረሱን እሷ ትላለች፣ የእነሱን ቨርስ ግማሹን እሷ ትጽፋለች። ሁላችንም እናውቅ ነበር። አንድ ዘፈናቸው ግቢውን አዳረሰ፣ ከተማም ወጣ። ዘፈኑ ላይ የሦስቱ ስም አለ፤ ከዚያ «ፊቸሪንግ» ተብሎ የእሷ። በገዛ ግጥሟ እንግዳ!

አንድ ቀን ለብቻዬ አራት ዘፈን ልቅረፅ አለቻቸው። ከግሩፑ ልውጣ አላለችም፤ አራት ዘፈን ብቻ። ልጆቹ ዶርማችን ደጃፍ ድረስ መጡ። አልጮኹም። በጣም በትህትና «በእኛ ስም አይደል እንዴ የታወቅሽው? እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» አሏት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ኋላ ስትጠይቀኝ ምን እንዳልኳት ልንገራችሁ? «ተይ በቃ፣ አታስቀይሚያቸው» አልኳት። ጋዜጠኝነት የምትማር፣ ስለ ሐሳብ ነፃነት አሳይመንት የምትጽፍ ልጅ ናት እንግዲህ እንዲህ ያለችው። ግሩፑ ከስድስት ወር በኋላ በራሱ ጊዜ ተበተነ። እሷ አራቱን ዘፈን አልቀረፀችም። አሁን ቢሮ ትሠራለች፣ ሥራዋንም አትጠላውም።

ቅዳሜ ማታ ከታክሲ ወርጄ ደወልኩላት። ስለ ጀበና ቡናው ነገርኳት፣ ስቃ ሞተች። ከዚያ ስለዚያ ቀን ይቅርታ ጠየቅኋት፤ «የቱ ቀን?» አለችኝ፤ እያወቀች እንደሆነ ገባኝ። ትንሽ ዝም ተባባልን። ደብተሩ አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

«አለ» አለች። «ግን አሁን አራት አይደለም፣ አሥራ አንድ ሆኗል። ቢት የሚሠራ ሰው ታውቂያለሽ? የሚፈርም።»